የታደሰ የድሮ ስፖርት መኪና ስትገዙ መጀመሪያ ተንበርከኩ

መኪናዬን ለመሸጥ ባወጣሁ ጊዜ አስራ አንድ ሰው መጥቶ አያት። አስሩ ቆመው ነው ያዩአት። ዞሯት፣ ፎቶ አነሱ፣ ገብተው መሪውን ያዙ፣ ስለ ቀለሟ አወሩ። አስራ አንደኛዋ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። ሰላምታ ተለዋውጠን ሳንጨርስ ከቦርሳቸው የታጠፈች ትንሽ ምንጣፍ አወጡ። በሾፌሩ በር በኩል መሬት ላይ አነጠፏትና ተንበረከኩ። ቀለሙን ገና ቀና ብለው አላዩትም ነበር።

መኪናዋን የገዙኝ እሳቸው ናቸው። አምስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታና ቅዳሜ ቅዳሜ ስሠራባት የተማርኩትን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በጥያቄ አወጡት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ስለነበር ገዢ ምን ማየት እንዳለበት ከሻጭ ወገን ሆኜ አየሁት። የታደሰ የድሮ ስፖርት መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ በእሳቸው መንገድ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

መኪናዋ የ1966 ኤምጂቢ ናት፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነው ባለ ሁለት ወንበሯ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 እንግሊዝ አገር አቢንግደን ውስጥ ተሠርታለች። ከ5 መቶ ሺህ በላይ ስለተመረተች ታድሳ ለሽያጭ የምትቀርብ ኤምጂቢ ዛሬም አትጠፋም። ምሳሌዬ እሷ ናት። አብዛኛው ነገር ግን ለሌሎቹም የዚያ ዘመን መኪኖች ይሠራል።

ከመሄዳችሁ በፊት

ለሻጩ ስትደውሉ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ “ስመጣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁንልኝ፣ እንዳታስነሳው።” ሁለተኛ፣ “ስትታደስ የተነሱ ፎቶዎች አሉ?” ሁለቱንም ያለ ማቅማማት እሺ ያለ ሰው ጥሩ ምልክት ነው። ፎቶ የለም ካለ ደግሞ ወዲያው ሌባ ነው አትበሉ። ነገር ግን ዋጋው ፎቶ ካላት መኪና ጋር እኩል መሆን የለበትም።

በቀን ሂዱ፣ ዝናብ በሌለበት ሰዓት። እርጥብ ቀለም ሁሉ ያምራል። የእጅ ባትሪ፣ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ደካማ ማግኔት፣ ትንሽ መስታወት፣ የምትንበረከኩበት ነገርና የሚቆሽሽ ልብስ ያዙ። ከተቻለ መኪናዋን የማይወድ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። እናንተ ቀድማችሁ በፎቶ ወድዳችኋታል፣ እሱ ግን በደንብ ያያል።

ደፉ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኤምጂቢ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። የሚሸከማት አካሏ ራሱ ነው። ጣሪያ ስለሌላትም ፊቷንና ኋላዋን አስተሳስሮ የያዘው ከበሩ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው ባዶ የብረት ሣጥን ነው። እኔ ደፍ እለዋለሁ፣ የምንረግጠው የቤት ደፍ ያለበት ቦታ ላይ ስለሆነ። ይህ ደፍ ሦስት ንብርብር ብረት አለው፦ የውስጥ፣ የመሃልና የውጭ። ውሃና ጭቃ ከጎማው በኩል ገብቶ በመካከላቸው ይቀመጣል። ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚመጣው። ከውጭ የጥፍር ጫፍ የምታክል የቀለም እብጠት ካያችሁ ውስጡ ከተበላ ቆይቷል ማለት ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ደፉን በትክክል ማደስ ረጅም ሥራ ነው። የፊት መከለያው፣ ማለትም ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ይፈታል፣ ምክንያቱም ደፉ ከሥሩ ይዘልቃል። የተበላው ሁሉ ተቆርጦ ይወጣል። ሦስቱም ንብርብር ይቀየራል። አቋራጩ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው፦ የበሰበሰው ላይ አዲስ የውጭ ብረት ለብዶ መበየድ፣ ስቱኮ መቀባት፣ ቀለም መንፋት። ሲያልቅ ሁለቱ አንድ ዓይነት ያበራሉ። አንዱ መኪናዋን ይሸከማል፣ ሌላው ግን ሽፋን ብቻ ነው።

እንዴት ይለያል? ሴትዮዋ ያደረጉትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ በሩን ዘግተው ከሥር ወደ ላይ በበሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት አዩ። ጣታቸውን በጠርዙ ላይ ቀስ አድርገው አስኬዱት። ክፍተቱ ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ፣ ወይም የኋላው ጠርዝ ከኋላ መከለያው ጋር ካልተስተካከለ፣ አካሏ መሃሏ ላይ ወርዷል ማለት ሊሆን ይችላል። ቀጥለው በሩን ከፍተው ግማሽ ላይ ለቀቁት። በሩን በክብደቱ ትንሽ ወደ ታች ጫን አድርገው ማጠፊያው ይላወስ እንደሆነ አዩ። የበር መውረድ አንዳንዴ የማጠፊያ ጉዳይ ብቻ ነውና ሁለቱን መለየት አለባችሁ።

ከዚያ ቀና ብለው፣ “ክሪክ አለህ ልጄ?” አሉኝ።

“አለ እናቴ።”

“ክሪኩን በራሱ ቦታ አስገባና አንድ ጎኗን ትንሽ አንሳልኝ።”

አነሳሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ከበሩ ክፍተት ላይ አልነቀሉም። መኪናዋ ስትነሳ ክፍተቱ ከተለወጠ፣ ወይም በሩ አልከፈትም አልዘጋም ካለ፣ ደፉ ሥራውን እየሠራ አይደለም። ከዚህ ቀላልና ከዚህ እውነተኛ ፈተና አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ልቤ ይመታ ነበር፣ ደፉን በትክክል እንደሠራሁት እያወቅኩ እንኳ። ክፍተቱ አልተንቀሳቀሰም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር ማንም እጁንም ሆነ ጭንቅላቱን እንዳያስገባ። ሥር መግባት ካስፈለገ ጠንካራ ማቆሚያ ብረት ይቀመጥ።

ከዚያ የጠየቁኝ ጥያቄ ነው እስከዛሬ የማልረሳው። “ደፉን ስትቆርጡት በሩ ቦታ ላይ ድጋፍ ነበረው?”

ያለ ጣሪያ መኪና ደፏ ሲቆረጥ የሚይዛት ነገር የለም። መጀመሪያ ከፊት ምሰሶው እስከ ኋላ ድረስ ብረት በበሩ ቀዳዳ ላይ ተበይዶ ወይም ታስሮ መወጠር አለበት። አለዚያ ትታጠፋለች፣ ከታጠፈች በኋላ ደግሞ አዲሱ ደፍ ጥምም እንዳለች ይዞ ያስቀራታል። ይህን የማውቀው ስለደረሰብኝ ነው። የግራውን ደፍ የመጀመሪያው በያጅ ያለ ድጋፍ ቆረጠው። በሩን መልሼ ስሰቅል ከላይ በኩል ጥፍር አያስገባም፣ ከታች ጣት ያሳልፋል። ሁለት ሳምንት የተከፈለበትን ሥራ እንደገና ቆርጬ፣ ድጋፍ አድርጌ፣ በሌላ ሰው አስበየድኩት። ለሴትዮዋ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። የድጋፉንም ፎቶ አሳየኋቸው። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

እናንተም ይህን ፎቶ ጠይቁ። የፊት መከለያው ወልቆ፣ ደፉ ተከፍቶ፣ በሩ ቦታ ላይ ብረት ተወጥሮ የሚታይበትን። ይህ አንድ ፎቶ ከሃያ የሚያብረቀርቅ ፎቶ ይበልጣል።

ከደፉ ሳትርቁ ሌሎች ቦታዎችንም ፈትሹ። ከኋላ ጎማ ፊት ያለው የመከለያው የታችኛው ጫፍ። የኋላ ባሌስትራ ከአካሉ ጋር የሚታሰርበት ቦታ። ከወንበሮቹ ኋላ ያሉት የባትሪ ሣጥኖች፤ በዚህ ዘመን መኪና ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ናቸው ያሉት፣ ሰው የማያያቸው ስለሆኑ እዚያ ያለ ዝገት ዓመት ይኖራል። ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን በጡጫ አንኳኩ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተለበደው ደግሞ ድምፁ የታፈነ ነው።

ማግኔቱና ኮፈኑ

ከሴትዮዋ በፊት የመጣ አንድ ወጣት ማግኔት ይዞ ነበር። በኮፈኑ ላይ አስቀመጠው፣ ማግኔቱ ተንሸራትቶ ወደቀ። “ይሄ ሁሉ ስቱኮ ነው!” ብሎ ተናዶብኝ ሄደ።

የተሳሳተው ግን እሱ ነበር። በዚያ ዘመን የኤምጂቢ ኮፈን አሉሚኒየም ነው። ወደ ብረት የተቀየረው እስከ 1970 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ማግኔት አሉሚኒየም አይይዝም። ሴትዮዋ ግን ማግኔታቸውን መጀመሪያ ያስቀመጡት ኮፈኑ ላይ ነበር። ሲወድቅ እጃቸው ላይ ተቀበሉትና “ጥሩ፣ የራሷ ነው” አሉ። ስለዚህ ልትገዙት የምትሄዱት ሞዴል የትኛው ክፍሉ ብረት፣ የትኛው አሉሚኒየም እንደሆነ ቀድማችሁ አንብቡ። ይህን ሳታውቁ ማግኔት መያዝ ከሚጠቅማችሁ ይልቅ ያሳስታችኋል።

በብረቱ ላይ ግን ማግኔቱ ብዙ ይናገራል። ከጎማዎቹ በላይ ባሉት ቅስቶች፣ በመከለያዎቹ የታች ጫፎችና በበሮቹ የታች ሩብ ላይ ቀስ እያላችሁ አስኬዱት። በድንገት መያዙን ከለቀቀ ሥሩ ስቱኮ አለ። ትንሽ ስቱኮ ኃጢአት አይደለም፣ እያንዳንዱ የታደሰ መኪና ላይ አለ። ወፍራም ስቱኮ ግን ከሥሩ የሚደብቀው ነገር ስላለ ነው የተደረገው። የቀለም ውፍረት መለኪያ ካገኛችሁ ይበልጥ ይረዳችኋል። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) አካባቢ ነው። እንደገና የተቀባ መኪና 200ም 300ም ቢል አትደንግጡ። 1000 ካለፈ ግን ስቱኮ ላይ ናችሁ።

በሩንም እዩ። ከፊት በኩል ካለችው ትንሿ ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት ሥር የበሩ ቆርቆሮ የመሰንጠቅ ልማድ አለው። በእኔዋ ላይ በቀኙ በር ሁለት ጊዜ ተበይዶ እንደገና ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አውጥቶ ነበር። በማስታወቂያው ላይ ጽፌዋለሁ፣ ፎቶውንም አድርጌዋለሁ። ሻጭ ከሆናችሁ ይህን አድርጉ። ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ ምንም እንከን ያልተጻፈበት ማስታወቂያ ስታዩ ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ። ሃምሳ ዓመት ያለፋት መኪና እንከን አልባ አትሆንም።

ወረቀቱ

“ስትወለድ ቀለሟ ምን ነበር?” አሉኝ ሴትዮዋ። እኔ የቀባኋት አረንጓዴ ነው። ስትወለድ ነጭ ነበረች። ይህን የማውቀው በእንግሊዝ አገር ጌይደን ካለው የብሪታኒያ የሞተር ሙዚየም ከሚገኘው የምስክር ወረቀት ነው። የፋብሪካውን መዝገብ አይተው መኪናዋ የተሠራችበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሟንና የሞተር ቁጥሯን ይጽፉላችኋል። ከእኔ ወረቀት ጋር የሞተሩ ቁጥር ይገጥማል። ቀለሙ አይገጥምም። ሁለቱንም ነገርኳቸው።

ቁጥሮቹን በዓይናችሁ አንብቡ፣ በሻጩ ወረቀት ብቻ አትርኩ። በ1966ቷ ላይ የአካል ቁጥሩ ጂኤችኤን3 ብሎ ይጀምራል። ጂ ማለት ኤምጂ ነው። ኤች የሞተሩን ልክ ያሳያል፣ ከ1400 እስከ 1999 ሲሲ ያለውን። ኤን ባለ ሁለት ወንበር ክፍት መኪና መሆኗን ይነግራል። በሞተሩ ጎን ላይ በምስማር የተመታችው ትንሽ ሰሌዳ ደግሞ በዚያ ጊዜ 18ጂቢ ብላ ትጀምራለች። 18ጂቢ ከሆነ ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) በአምስት ኩሽኔታ የተያዘው ጠንካራው ሞተር ነው። እስከ 1964 የነበሩት ባለ ሦስት ነበሩ። ሰሌዳዋ አዲስ ሆና ምስማሮቿም ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚያበሩ ከሆነ፣ ለምን እንደተቀየረች ጠይቁ። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ፣ ሳይጣራ ገንዘብ አትክፈሉ።

የእድሳት ፎቶዎቹ የዚችው መኪና መሆናቸውንም አረጋግጡ። ሴትዮዋ ከሞተሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ አንድ የቆየ ትርፍ ቀዳዳ አገኙ፣ የሆነ ዘመን የሆነ ሰው ሬዲዮ ለመግጠም የበሳው። ከዚያ በፎቶዎቹ ውስጥ ያንኑ ቀዳዳ ፈለጉ። አገኙት። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ አይቼው ልብ ያላልኩት ነገር ነው።

አንዳንድ ኤምጂቢዎች በአዲስ አካል ነው የታደሱት። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የሚባል ድርጅት ከ1988 ጀምሮ በድሮዎቹ የፋብሪካ የብረት ቅርጽ ማውጫዎች ሙሉ አካል ሲሠራ ቆይቷል። ይህ ጥሩ ነገር ነው፣ ከብዙ ለበዳ ይሻላል። ሻጩ ግን በግልጽ ሊነግራችሁና ደረሰኙን ሊያሳያችሁ ይገባል።

ሞተሩ፦ ከማስነሳታችሁ በፊት ስሙ

እጃችሁን ራዲያተሩ ላይ አድርጉ። ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሞቃት ከሆነ ሻጩ የጠዋቱን አስቸጋሪ አነሳስ እንዳታዩ ፈልጎ ይሆናል።

የዘይቱን ክዳን ክፈቱ። ከሥሩ ቡና በወተት የመሰለ ቅባት ካለ ውሃ ከዘይት ጋር እየተገናኘ ሊሆን ይችላል። አጭር አጭር ጉዞ ብቻ የሄደ ሞተርም ትንሽ ሊያሳይ ይችላልና የራዲያተሩንም ውሃ አብራችሁ እዩ። እዚያም የዘይት ገጽ ከተንሳፈፈ የተበላሸው የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን ነው።

አሁን ቁልፉን አንድ ጊዜ ብቻ አዙሩ፣ ሞተሩን አታስነሱ። ዝም በሉ። ከኋላ በኩል ቲክ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ይመጣል። የኤሌክትሪክ ቤንዚን ፓምፑ ነው። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ከዚያ ይዘገያል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅሉት ካርቡራተሮች ሞልተዋል ማለት ነው። ዝም ካላለ ወይ የሆነ ቦታ ቤንዚን ይፈሳል፣ ወይ የካርቡራተሩ መዝጊያ መርፌ አይዘጋም፣ ወይ ፓምፑ አየር ይስባል። ይህ ድምፅ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ማታ ጋራዥ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘግይቶ ዝም ሲል የሰማሁ ቀን እንባዬ መጥቷል፣ ምክንያቱም ከአምስት ዓመት በኋላ ያቺ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የመለሰችልኝ መልስ ነበር።

ካርቡራተሮቹ ኤስዩ ይባላሉ፣ ሁለት ናቸው። አናታቸው ላይ ያለውን ክዳን ፈትታችሁ ዘይት እንዳለው እዩ። ደረቅ ከሆነ መኪናዋ ነዳጅ ስትሰጧት ትንቀራፈፋለች። ውስጡ ያለውን ፒስተን አንስታችሁ ልቀቁት። ጠቅ ብሎ መውረድ አለበት። መሃል ላይ ከቀረ ቆሽሿል ወይም ተጣምሟል።

ከዚያ አስነሱ። ኋላ ቁሙና ጭሱን እዩ። ሲነሳ ትንሽ ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ከጠፋ አትጨነቁ። ነዳጅ ረግጣችሁ ከለቀቃችሁ በኋላ ሰማያዊ ጭስ ከመጣ የቫልቭ መምሪያዎቹ አልቀዋል። ስትረግጡ እያለ የማያቋርጥ ሰማያዊ ከሆነ የፒስተኖቹን ፋሻዎች ጠርጥሩ። ከሞቀ በኋላ የዘይቱን ግፊት ጌጅ እዩ። ቆማ ስትሠራ ከ10 እስከ 25፣ በጉዞ ላይ ከ50 እስከ 80 ማለት አለበት፣ ልኩ ፒኤስአይ ነው። ከዚህ በታች ከሆነ ስለ ሞተር እድሳት መደራደር ትችላላችሁ። ሞተሩ ሲታደስ ቴስታታው ላይ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ገብቶ እንደሆነም ጠይቁ። ይህ ሞተር የተሠራው እርሳስ ባለው ቤንዚን ዘመን ነው፣ የዛሬው ቤንዚን ለስላሳውን መቀመጫ በጊዜ ብዛት ይበላዋል።

ስለ ኤሌክትሪክ አንድ ነገር ብቻ። በ1966ቷ ላይ ከአካሉ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ከ1967 በኋላ ተገለበጠ። ብዙ ሰዎች አሮጌዎቹንም ወደ አዲሱ አዙረዋቸዋል። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ዘመናዊ ሬዲዮም ሆነ የስልክ ቻርጀር አታስገቡ፣ ያቃጥላል።

መንገድ ላይ

ቢያንስ ሃያ ኪሎ ሜትር ንዱ። የዚህ ዘመን ካምቢዮ አንደኛ ማርሹ ቆማችሁ ብቻ ነው የሚገባው፣ እየሄዳችሁ ብታስገቡ ቢጮህ ጥፋት የለበትም። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስትመልሱ ቢጮህ ግን አልቋል። ኦቨርድራይቭ (በጉዞ ላይ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ) ካላት በአራተኛ ላይ ማብሪያውን ንኩ። የሞተሩ ዙር በአምስት እጅ አንዱ ያህል መውረድ አለበት፣ ስታጠፉትም ወዲያው መመለስ አለበት።

ቀጥ ያለ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ስትይዙ ወደ አንድ ጎን ብትስብ የፍሬን ሲሊንደር ሊሆን ይችላል። ከተመለሳችሁ በኋላ የፊት ጎማውን አስነስታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ አወዛውዙ። ከተላወሰ ጓደኛችሁ ፍሬን ይርገጥ። መላወሱ ከቆመ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልቆመ መሪው የሚዞርበት ቋሚ ፒን አልቋል። ይህ ፒን ግሪስ ይወዳል፣ ብዙ ባለቤቶች ግን ይረሱታል።

ባለ ሽቦ ቸርኬ ከሆነች ፍሬኑ ተረግጦ ሳለ ቸርኬውን በሁለት እጅ ወደፊትና ወደኋላ አዙሩት። ቅክ ካለ ቸርኬው መሃል ላይ የሚያያዝባቸው ጥርሶች ተበልተዋል። ሽቦዎቹን በቁልፍ መታ መታ አድርጉ። የላላው ድምፁ ከሌሎቹ ይለያል። የጎማውን ዕድሜ ከጎኑ ላይ ካሉት አራት ቁጥሮች አንብቡ፦ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ መቀየር አለበት። የታደሱ መኪኖች ብዙ አይሄዱም፣ ጎማቸው ሳያልቅ ያረጃል።

ስለ ዋጋ አጭር ነገር ልበል። መኪና በደንብ ለማደስ የሚወጣው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ መኪናዋ ከምታወጣው በላይ ነው። ሻጩ ደረሰኙን ደምሮ “ይህን ያህል አውጥቻለሁ” ቢላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ዋጋዋ እሱ አይደለም። እናንተም በበኩላችሁ ደካማ ነገር ስታገኙ እየጮኻችሁ አታዋርዱት። እኔ አምስት ዓመቴን ነው የሸጥኩት። ሴትዮዋ ያገኙትን ስንጥቅና የደከመ የኋላ አሞርዛቶር በወረቀት ጽፈው አሳዩኝ፣ ማስተካከያው ስንት እንደሚሆንም አብረን አሰብን፣ ከዋጋው ላይ ቀነስን። አልተከራከርንም።

ካርቶኖቹ

ይህን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። መኪና ሲታደስ የወለቀ ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ አለ። የድሮው መሪ፣ የመጀመሪያው ካርቡራተር ማጣሪያ፣ የተቧጨሩ የበር እጀታዎች፣ በቆርቆሮ የታሸጉ ብሎኖች። ሻጩ ጋራዡ ውስጥ እንደ ቆሻሻ ሊያያቸው ይችላል። እናንተ ጠይቁ፣ “ከእሷ የወለቀ ሁሉ አብሮ ይምጣ” በሉ። ከአስር ዓመት በኋላ ገበያ ላይ የማይገኝ አንድ እጀታ በእነዚያ ካርቶኖች ውስጥ ይኖራል።

ሴትዮዋ ጠየቁ። አራት ካርቶን አወጣሁላቸው። አራተኛው ሥር የግራው ደፍ ቁራጭ ነበር፣ መጀመሪያ የቆረጥነው፣ እንደ ደረቀ ቅጠል እጅ ላይ የሚፈርስ። ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም። ውስጡን በእጅ ባትሪያቸው አዩት። በአንድ ጠርዙ ላይ፣ ዝገቱ ያልደረሰበት ቦታ፣ ጥፍር የምታክል ነጭ ቀለም ነበረች።

“ይህንንም እወስደዋለሁ” አሉ። ምንጣፋቸውን ዘርግተው ጠቀለሉት፣ ከዚያ ከወንበሩ ኋላ አስቀመጡት።